የ9 ዓመት ሥራ፣ የዜሮ ዓመት ልምድ

ባለፈው ነሐሴ አንድ ጓደኛዬ ሲቪውን እንዳስተካክልለት በቴሌግራም ላከልኝ። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ወረቀት ያሳምራል ብሎ ነው። ከፈትኩት። አንድ ገጽ አይሞላም። ስም፣ ትምህርት፣ ቋንቋ፣ የኮምፒውተር ችሎታ አለ። «የሥራ ልምድ» ከሚለው ርዕስ ሥር ያለው ግን አንድ መስመር ነው፦ «በተለያዩ የምርምር ፕሮጀክቶች በመረጃ ሰብሳቢነትና በሱፐርቫይዘርነት ሠርቻለሁ።»

ደወልኩለት።

«9 ዓመት ሠርተህ አንድ መስመር?»

«ምን ልጻፍ? ማስረጃ የለኝማ።»

ይህን ልጅ በደንብ አውቀዋለሁ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን አንድ ዓመት ተኩል ያህል አብረን ሠርተናል። እኔ ወጣሁ፣ እሱ ቀረ። ስሙን አልጠራም፤ ዩኒቨርሲቲውንም አልጠራም። ነገ ሥራ የሚጠይቀው እዚያው ነው። የምጽፈውም አስፈቅጄው ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ለዓመታት መረጃ የሰበሰበለት ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። መደቡ የምርምር መረጃ አያያዝን የሚመለከት ነው። የሚጠየቀው የመጀመሪያ ዲግሪና 4 ዓመት ልምድ። በአገሩ ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ ሰው ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። ወዳጅነቴ አድልቶብኝ ሊሆን ይችላል፤ ግን አይመስለኝም። ሰነዱን በፌስታል ይዞ ሄደ። መዝጋቢዋ አንድ በአንድ አገላበጠችው። የ3 እና የ5 ቀን ሥልጠና ሰርተፊኬቶች፣ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የተጻፉ የትብብር ደብዳቤዎች (ስሙ ከዝርዝሩ 4ኛ ወይም 7ኛ ላይ ይገኛል)፣ የአበል መክፈያ ቅጂዎች።

«ወንድሜ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራህ፣ ደመወዝህ ስንት እንደነበር፣ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ ማስረጃ ነው የምንፈልገው» አለችው።

እሱ ደመወዝ ኖሮት አያውቅም። የሚከፈለው አበል ነበር። በምንፈርምበት የአበል ቅጽ ላይ ቁጥር፣ ስም፣ የቀን ብዛት፣ የብር መጠን፣ ፊርማ የሚሉ ዓምዶች አሉ። የሥራ ግብር የሚል ዓምድ አልነበረም። ጡረታ የሚልም አልነበረም። ስለዚህ 9 ዓመቱ በሕግ ፊት አልተሠራም ማለት ነው። ሳትመዘግበው መለሰችው።

በልጅቷ ላይ አልፈርድም። መመሪያው የወጣው ሐሰተኛ የልምድ ወረቀት ገበያውን ስላጥለቀለቀው ነው፤ ማኅተም አስቀርጾ የ6 ዓመት ልምድ የሚያድል ሰው ከተማውን ሞልቶታል። ግን አስቡት፤ ሐሰተኛውን ለመያዝ የተዘረጋው መረብ እውነተኛውን ይዞት ቀረ። ሐሰተኛው ግብር ከፍሎ ያልፋል።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ስናወራ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ፕሮፌሰሮች ነው። ስንት ጽሑፍ ታተመ፣ ስንት ሚሊዮን ግራንት ገባ፣ ዩኒቨርሲቲው በደረጃ ስንተኛ ወጣ። እኔም ጋዜጠኛ ነኝና ስንት ጊዜ እንዲህ ጽፌያለሁ። ዛሬ ከሥር ስላሉት ማውራት እፈልጋለሁ።

«መረጃ ሰብሳቢ» ሲባል ብዙ ሰው በር አንኳኩቶ ቅጽ የሚሞላ ወጣት ይመስለዋል። እንደዚያ የሚሠራም አለ፣ አልዋሽም፤ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ 10 ቤት ሞልቶ የሚመለስ አይተናል። ጓደኛዬ ግን ከዚያ ወገን አይደለም። አብረን የሠራንበት ጥናት በእናቶችና ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት አመጋገብ ላይ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተን አንዳንዴ በሞተር፣ ብዙ ጊዜ በእግር እንሄዳለን። ቤቱ ስንደርስ እናትየዋ ገበያ ወርዳለች። ማታ እንመለሳለን። የስምምነት ቅጹን አንብበን እናስፈርማለን፣ የሕፃኑን ክንድ ዙሪያ እንለካለን፣ በሚንጠለጠለው ሚዛን እንመዝናለን። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አያትየው «ልጄን እንደ በግ ሰቀላችሁት» ብለው ይቆጣሉ። ከዚያ በታብሌት 1 ሰዓት ያህል የሚፈጅ መጠይቅ ይቀጥላል። እናትየዋ እንጀራ እየጋገረች፣ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን።

መጠይቁ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተተርጉሞ መጣልን። አንዱ ክፍል ባለፉት 24 ሰዓታት ምን እንደተበላ ይጠይቃል። እህል፣ ጥራጥሬ፣ ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አትክልት እየተባለ ይመዘገባል። ከዚያ ስንት ዓይነት እንደተበላ ይቆጠርና አመጋገቡ በቂ ነው ወይም አይደለም ይባላል።

በሁለተኛው ሳምንት ማታ ራት ላይ ቁጭ ብለን ጓደኛዬ ለሱፐርቫይዘራችን እንዲህ አለው፦ «ሐሙስ ሐሙስ የምንጠይቃቸው ሰዎች በሙሉ ድሃ እየሆኑ ነው።»

ሳቅንበት። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም። ሐሙስ ስትጠይቅ ያለፈው 24 ሰዓት ረቡዕ ነው። ረቡዕ ጾም ነው። ሁለት የምትታለብ ላም ያላት እናት ወተት አልቀመሰችም። ቅዳሜም እንደዚያው ነው፤ የምትጠይቀው ስለ ዓርብ ነውና። ወረቀቱ ላይ ግን የሚታየው «ከእንስሳት ተዋጽኦ ምንም አልተመገበችም» የሚል ነው። ለሕፃኑም ነገሩ እንዲሁ ቀላል አይደለም። ሕፃን አይጾምም፤ ግን እናትየው ዕቃው ፍስክ እንዳይነካው ብላ በጾም ቀን እንቁላል ላታበስልለት ትችላለች። ይህን ደግሞ ካልጠየቅካት አትነግርህም፤ ለእሷ የታወቀ ነገር ነው። ጓደኛዬ የገባውም እናቱ እንደዚያ ስለምታደርግ ነው።

ሁለት ጥያቄዎች እንዲጨመሩ ሐሳብ አቀረበ። ትናንት ጾም ነበር? ለሕፃኑ የሚበስልበት የተለየ ዕቃ አለ? ሱፐርቫይዘሩ ወደ ላይ አስተላለፈው፤ ከ4 ቀን በኋላ ታብሌታችን ላይ ሁለቱም ጥያቄዎች ተጨምረው መጡ። ቀድሞ የተሠሩት ሁለት ቀበሌዎች እንደገና ተጠየቁ። በዚህ ነገር ሌሎቹ ለሳምንት ያህል አኮረፉት፤ ድካሙ የሁላችንም ነበርና። እኔም አኩርፌያለሁ።

ከዚያ ጥናት የወጣውን ጽሑፍ በቅርቡ ፈልጌ አነበብኩት። 7 ደራሲዎች አሉት። ከእነሱ አንዱ መስክ ሳይወጣ፣ መጠይቁን ሳያይ፣ ኃላፊ ስለነበር ብቻ የገባ መሆኑን እኛ ሁላችንም እናውቃለን። ጥናቱ ስላለው ጥንካሬ በሚያወራው አንቀጽ ላይ የጾም ቀናትን ከግምት ማስገባቱ ተጠቅሷል። በመጨረሻ ምስጋና አለ፤ የገንዘብ ለጋሹ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በስም ይመሰገናሉ። ከዚያ «መረጃ ሰብሳቢዎችንና የጥናቱን ተሳታፊዎች» ይላል። አለቀ።

እዚህ ላይ «መረጃ መሰብሰብ ደራሲ አያደርግም» የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፣ ብቻውን አያደርግም። ግን ደንቡን እናንብበው። የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ የሚባለው ማን እንደሆነ 4 መመዘኛ አስቀምጧል። የመጀመሪያው ለጥናቱ ሐሳብ ወይም ንድፍ፣ ወይም ለመረጃው መሰብሰብ፣ መተንተን ወይም መተርጎም ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በቁም ነገር ማረም። ሦስተኛው የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ አራተኛው ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፤ የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው ሁሉ በማርቀቁ፣ በማረሙና በማጽደቁ የመሳተፍ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። ሰውየውን ረቂቁን ሳያሳዩት «ሁለተኛውን መመዘኛ አላሟላም» ማለት አይቻልም ማለት ነው። ያው ኮሚቴ ገንዘብ ማምጣት ወይም በጠቅላላው መምራት ብቻውን ደራሲ አያደርግም ይላል። ስለዚህ በደንቡ ብንሄድ ከ7ቱ አንዱ ይወጣል፤ ጓደኛዬ ቢያንስ ረቂቁ ይላክለታል።

ዋናውን ተመራማሪ አገኘኋቸው። ለጋዜጣ አይደለም፣ እንደ ቀድሞ ሠራተኛቸው ነው የሄድኩት። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ይህን መጀመሪያ መናገር አለብኝ። ግቢው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን።

«ልጁን እወደዋለሁ» አሉኝ። «ከእሱ የተሻለ ሱፐርቫይዘር የለኝም።»

«ታዲያ ማስረጃ ለምን አይሰጡትም፣ ዶክተር?»

«በየትኛው ማኅተም? ማኅተሙ የዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ አልቀጠረውም፤ እኔ ነኝ የጠራሁት። ፕሮጀክቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ መስከረም ላይ ሌላ ይመጣ አይመጣ አላውቅም። ለማን ኮንትራት ልፈርም?»

የሰኔ 30ን ነገር መንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ያልቃል፣ ፋይናንስ ይቆለፋል። ያልተከፈለ አበል እስከ መስከረም ይንጠለጠላል፤ ሰውየው ክረምቱን ምን እንደሚበላ የማንም ጉዳይ አይደለም። ጓደኛዬ ለ9 ክረምት እንዲህ አሳልፏል። ሁለቱን ክረምት የአጎቱን ባጃጅ ነድቷል።

ጽሑፉ ላይ ስለ መግባቱ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«አልጠየቀኝም» አሉ።

«መጠየቅ እንደሚችል ያውቅ ነበር?»

«እኔንስ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አሉና ቀጠሉ። በሴሚስተሩ ስንት ሰዓት እንደሚያስተምሩ፣ ስንት የማስተርስ ተማሪ እንደሚያማክሩ፣ ደመወዛቸው ከቤት ኪራይና ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በኋላ ምን እንደሚተርፈው ነገሩኝ። እኔ ልሞግታቸው ሄጄ እሳቸውን እያጽናናሁ ተመለስኩ ማለት ይቻላል።

ልክ ናቸውም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በኅዳር 2015 መጨረሻ በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ደልቷቸው አይደለም። ከግራጅዌት አሲስታንት እስከ ፕሮፌሰር የሚያደርሰው መሰላል ግን ቢያንስ አለ። ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ደረጃ የተሰበረ ነው፣ ግን ቆሟል። የታተመ ጽሑፍ ይቆጠርልሃል፣ ዓመትህ ይቆጠርልሃል። ችግሩ ይህ መሰላል የቆመው በማያስቆጥሩ ሰዎች ትከሻ ላይ መሆኑ ነው። ዶክተሩ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል፤ ጽሑፉ መረጃ ይፈልጋል፤ መረጃውን የሚያመጣው ሰው ከሥር ሆኖ መሰላሉን ይይዛል እንጂ አይወጣበትም።

በእርግጥ ከመስክ ሠራተኛው ሌላ የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖችም አሉ። እነሱ ብዙ ጊዜ ቋሚ ናቸው፣ ደመወዝ አላቸው። በኮቪድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች ምርመራ ሲጀምሩ ሌሊቱን ሙሉ ናሙና ሲሠሩ ያደሩት እነሱ ነበሩ። ግን ለ15 ዓመት አንድ ማሽን ላይ የሠራ ቴክኒሻን ስለዚያ ማሽን ከማንም በላይ ቢያውቅ ዕድገቱ የት ነው? ወይ ማስተርስ ይዞ ወደ ማስተማር መሻገር ነው፣ ወይ ወደ ግል ክሊኒክ መውጣት። በሙያው ላይ እያለ የሚያድግበት መንገድ ጠባብ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ልለፈው።

ሴቶቹን ግን አላልፋቸውም። አብራን የሠራች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከእናቶች ጋር እንደ እሷ የሚግባባ አልነበረም። ስታረግዝ ለሚቀጥለው ዙር አልተጠራችም። ማንም «አባረርንሽ» አላላትም። ስልክ አልተደወለላትም፣ አለቀ። አበል ላይ ያለ ሰው አይባረርም፤ አይጠራም እንጂ። ሌላው ባልደረባችን መስክ ላይ ውሻ ነከሰው። የክትባቱን ከኪሱ ከፈለ፤ ለክትባቱ ሲመላለስ የጠፋባቸው ቀናት ከአበሉ ተቀነሱ። ቅጹ ላይ «የቀን ብዛት» የሚለው ዓምድ አለ ብያችሁ የለ?

በ2013 ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል 8ቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተለዩ። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ፣ መቀሌ፣ አርባ ምንጭ። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ግን «የምርምር ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ታፔላ ሲሰቀል በውስጡ ምርምርን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ስንት ሰዎች እንዳሉ፣ በምን ውል እንደሚሠሩ፣ ከ5 ዓመት በኋላ የት እንደሚደርሱ የተጠየቀ አይመስለኝም። ምርምር መምህሩ ከክፍል ሲወጣ የሚሠራው ተጨማሪ ሥራ ሆኖ ቀጥሏል። የቀረውን አበልተኛው ይሠራዋል።

ይህች አገር ደግሞ ለመስክ ምርምር እንግዳ አይደለችም። ቡታጅራን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ9 የገጠር ቀበሌዎችና በ1 የከተማ ቀበሌ የሕዝቡን ልደትና ሞት እየተከታተለ መመዝገብ ጀመረ። ያ መዝገብ መንግሥት ሲለወጥ ሁሉ ቀጥሏል። ከዚያ የስንቱ ፒኤችዲ ወጣ። የጅማው ጊልገል ግቤ፣ የጎንደሩ ዳባት፣ የሐረማያው ቀርሳም በዚያው መንገድ የሄዱ ናቸው። እንዲህ ያለ መዝገብ የሚቆመው ያው ሰው ዞሮ ያንኑ በር ሲያንኳኳ፣ ባለቤቶቹም ሲያውቁትና ሲያምኑት ነው። አዲስ ሰው በየዙሩ ብትልክ በሩ አይከፈትም፤ ቢከፈትም የሞተ ልጅ ስም አይነገርህም። እናት የሞተባትን ልጅ ለማታውቀው ሰው አትቆጥርም። እኛም ቤት ለቤት ስንዞር ይህን በዓይናችን አይተናል። ጓደኛዬ 3ኛ ዙር ላይ ሲደርስ የሚሰማው በ1ኛው ዙር ያልተነገረው ነበር።

የተባባሪን ስም ማስቀመጥ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች መሆናቸው ነበር ነገሩን ትልቅ ያደረገው። ከዚያ በኋላ እንዶድን በመምረጥና በማጥናት የለፋ ሌላ ሰው አለ፤ የዕፅዋት ተመራማሪው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ። እ.ኤ.አ. በ1989 ስዊድን ውስጥ የሚሰጠው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጠው ለሁለቱም ነው። ዛሬ ኢንስቲትዩቱ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል፣ ይገባቸዋልም። የሽልማቱ መዝገብ ላይ ግን ሁለት ስም አለ።

ሌላ አገር ምን ይደረጋል ብዬ ሳይ አንድ ነገር አገኘሁ። እንግሊዞች የተመራማሪዎችን የሙያ ዕድገት ስለ መደገፍ የተፈራረሙት ስምምነት አላቸው። የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ በ2008 እንደገና ተጻፈ፣ በ2019 ደግሞ ተሻሻለ። ዩኒቨርሲቲዎችም ገንዘብ ሰጪዎችም ይፈርሙበታል። ከውስጡ ዓይኔን የሳበው አንድ ቁጥር ነው፤ ተመራማሪው በዓመት ቢያንስ 10 ቀን ለራሱ የሙያ ዕድገት እንዲኖረው ይላል። ከሥራ ሰዓቱ የተቆረጠ፣ በደመወዝ። ሥልጠና ሊወስድበት ይችላል፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዶ ሊያይ ይችላል። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ለሚፈልገው ሥራ ሊዘጋጅበትም ይችላል። አለቃው ስለ ወደፊት ሕይወቱ ቁጭ ብሎ እንዲያነጋግረውም ይጠበቃል።

እዚያም ሁሉ ነገር አማን አይደለም። ስምምነቱ በፈቃደኝነት የሚፈረም ነው፤ የጊዜያዊ ኮንትራት ምሬት ዛሬም አለ። ስምምነቱም ስለ ቴክኒሻንና ስለ መስክ ሠራተኛ ሳይሆን በዋናነት ስለ ተቀጣሪ ተመራማሪ ነው። እኛ እንቅዳው ማለቴ አይደለም። 10ሩን ቀን ለጓደኛዬ ስነግረው ግን ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ። «10 ቀን አበል ሳይቆረጥ?» ሌላው ሁሉ አልገረመውም።

እኔ የምለው ከዚያም ያነሰ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ፕሮጀክት ከ3 ወር በላይ ከሠራ ዩኒቨርሲቲው በጊዜያዊ ሠራተኛነት ይመዝግበው፣ ክፍያው በፔይሮል ይሂድ፣ ግብሩ ይቆረጥ። አዎ፣ ከኪሱ ይቀነሳል። ጓደኛዬን ጠይቄዋለሁ፤ «ይቁረጡኝ፣ ወረቀቱን ይስጡኝ» ነው ያለኝ። ግብር ቁረጡኝ ብሎ የሚለምን ዜጋ ማግኘት ቀላል አይደለምና መንግሥት ባያመልጠው ጥሩ ነው። ገንዘብ ሰጪዎቹም የፕሮጀክት ማመልከቻው ላይ የመኪና ኪራይና የስልክ ካርድ መስመር እንዳለው ሁሉ የሠራተኛ ሥልጠና መስመር ይጠይቁ። ረቂቅ ጽሑፍ በኢሜይል መላክ ደግሞ ምንም ብር አይፈልግም።

«ሁሉም ደራሲ ልሁን ቢልስ?» አሉኝ ዶክተሩ። ሁሉም አይልም። አብዛኛው እንግሊዝኛው ስለሚከብደው ወይም ጊዜ ስለሌለው ይተወዋል። መተው የሚቻለው ግን የተሰጠህን ነገር ነው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ሳልናገር ብዘጋ ልክ አይሆንም። ከሦስት ዓመት በፊት የዚያው ቡድን ሌላ ጥናት ውጤት ሲወጣ ዜና ሠርቼበታለሁ። ዶክተሩን አነጋገርኩ፣ የሚኒስቴሩን ሰው አነጋገርኩ፣ ቁጥሮቹን አስቀመጥኩ። ቁጥሮቹን ያመጣው ጓደኛዬ ነው። ያንን ሳምንት በስልክ አውርተናል፤ ስለ አንዱ ቀበሌ መንገድ መቆረጥና በበቅሎ ስለ መግባቱ አጫውቶኛል። ታሪኩን ለዜናዬ መክፈቻ አደረግኩት፤ «የጥናት ቡድኑ በበቅሎ እየተጓዘ» ብዬ። ስሙን ለመጻፍ ትዝ አላለኝም። ሲቪውን ስከፍት ነው ትዝ ያለኝ።

ሲቪውን አብረን ሠራነው። አሁን 3 ገጽ ነው። የሠራባቸውን ጥናቶች ርዕስ፣ ዓመት፣ የወረዳ ብዛት፣ የመራቸውን ሰዎች ቁጥር፣ የጾሙን ጥያቄ ጭምር ጻፍንበት። ዶክተሩም አንድ ደብዳቤ ጻፉለት፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል፣ ፊርማ ያለበት፣ ማኅተም የሌለበት። መዝጋቢዋ ትቀበለዋለች ብለን አይደለም። ቢያንስ መያዶች ሊያነቡት ይችላሉ።

ጥቅምት ላይ ለአዲስ ዙር ተጠራ። ከሥልጠናው በፊት ኮንትራት እንዲፈረምለት ጠየቀ፤ እሱ እንዲህ ሲጠይቅ በ9 ዓመቱ የመጀመሪያው ነው። አስተባባሪው «ከሥልጠናው በኋላ እናየዋለን» አለው። ሄደ። ምን ያድርግ።

ሌላም ነገር ጠይቋል። ዶክተሩ «አልጠየቀኝም» ማለታቸውን ነግሬው ነበር። ደውሎ በእጃቸው ያለ ያልታተመ ረቂቅ እንዲልኩለት ለመናቸው። ላኩለት፤ 27 ገጽ። ባለፈው ሳምንት ማታ ማታ ኔትወርክ ሲያገኝ በድምፅ መልእክት ጻፈልኝ ልበል፣ ላከልኝ። ከበስተኋላው ውሻ ይጮሃል።

«ስማ፣ ሠንጠረዥ 3 ላይ ስህተት አለ። አንዱ ቀበሌ የተሠራው በፍልሰታ ነው፤ የፍስክ ቀን ብለው ቆጥረውታል።»

«ንገራቸዋ» አልኩት።

«ጻፍኩላቸው። ቀኖቹን በዝርዝር አድርጌ ነው የላክሁት። እስካሁን አልመለሱልኝም።»